ከፋሲካ እስከ ደመራ፦ አዲስ አበባን በጸደይና በክረምት ፎቶ ለማንሳት

የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ለገና ያወጣና ከፋሲካ ማግስት መልሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ከእንግዲህ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሰማዩም እንደ አመድ ነው» ይላል። እኔም ለአራት ዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን የሰበሰብኳቸውን ፎቶዎች በቅደም ተከተል ስደረድር ግን አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ለብሳ ጥምቀተ ባሕር የምትወርድ ከተማ ሆና አገኘኋት። ጃንጥላ የለም። የበቆሎ ጥብስ የለም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጎርፍ የሚሻገር ሰው የለም። ግማሽ ዓመት ጠፍቷል።

ይህ መመሪያ ያንን የጠፋ ግማሽ ዓመት ለመሙላት ነው። በአበው አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ዛሬ ብዙዎቻችን ጸደይ የምንለው አደይ የምትፈነዳበትን መስከረምን ነው፤ እኔ ግን የጥንቱን እከተላለሁ። በባሕረ ሐሳብ ፋሲካ ቢቀድም መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ነውና ጸደይ ሁልጊዜ ፋሲካን ይዞ ይገባል፤ ክረምትም ደመራን ሳያቃጥል አይወጣም። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ወሰን የለም። እያንዳንዱ ወር የራሱን ነገር ስለሚያስተምር እንደ ወሩ እንሄዳለን።

መጀመሪያ አንድ ጥግ ይምረጡ

ከተማውን ሁሉ ለማንሳት አይነሱ። ከቤትዎ ወይም ከሥራ ቦታዎ በእግር ከአሥር ደቂቃ የማይርቅ አንድ ጥግ ይምረጡ፤ የታክሲ መያዣ፣ ጉልት፣ የኳስ ሜዳ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጥግ በየቀኑ የማይጠፉ ሰዎች አሉት፦ ሊስትሮ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት፣ የሎተሪ አዟሪ። የመኪና መንገድ ላይ ሳይወጡ የሚቆሙበት ቦታም አለው፤ ደረጃ ወይም የካፌ በረንዳ ከሆነ እሰየው፣ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በጎን የሚመጣ ብርሃን ማግኘቱን ለማወቅ ደግሞ አንድ ጠዋትና አንድ ማምሻ ቆሞ ማየት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራ አያውጡ። ቡናዎን ይጠጡ፣ ጫማዎን ያስጠርጉ። ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚረዝም፣ ረዳቱ የት ቆሞ እንደሚጣራ፣ ጥላው መቼ አስፋልቱን እንደሚሻገር ልብ ይበሉ። በሁለተኛው ሳምንት ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፤ ሰው አይቶት ይልመደው። በሦስተኛው ማንሳት ይጀምሩ። ዘገምተኛ መንገድ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን በአንድ ወር ሃያ ሰፈር ያዳረሱ ሰዎችን ፎቶ አይቻለሁ፤ ሃያውም አንድ ሰፈር ይመስላል።

በየወሩ አንድ ቀን ደግሞ ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው ስፋት፣ ምንም ልዩ ነገር ሳይጠብቁ የጥጉን አጠቃላይ ገጽታ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሱ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያን የሚያሳይ የራሴን ፎቶ ብፈልግ ያገኘሁት ሦስት ነው፤ ሁለቱ የበላሁት ጥብስ ናቸው። ሁልጊዜ የሚኖር የሚመስለውን ነገር ማን ብሎ ያነሳዋል?

መርካቶን ለመጀመሪያ ጥግነት አልመክርም። ስፋቱም ግፊያውም ጀማሪን ያደናግራል። መሄድዎ ካልቀረ እዚያ የሚሠራ ሰው ይዘው ይግቡ፤ ከሸማ ተራ፣ ከቅመም ተራና ከምን አለሽ ተራ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ከኋላ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ካሜራውን ትተው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ሸክም የያዘ ሰው መቆም አይችልም።

የሚያስፈልግዎት መሣሪያ

ስልክ ይበቃል። በስልክ የሚነሱ ፎቶዎች የሚደበዝዙበት አንዱ ምክንያት በኪስ ውስጥ ሌንሱ ላይ የሚቀር የጣት ቅባት ነው፤ ከማንሳትዎ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። በጣት እየለጠጡ አያቅርቡ፤ በእግርዎ ይቅረቡ። የሚያነሱትን ፊት ስክሪኑ ላይ ተጭነው ሲቆዩ የብርሃኑ መጠን ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትዎን ወደ ታች ሲያንሸራትቱ ይጨልማል። ይህን ሳያዩ እስኪያደርጉት ድረስ ይለማመዱት። ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ባለ 35 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይያዝ፤ ትልቁን ሌንስ ቤት ይተወው። ትርፍ ባትሪ የግድ ነው፤ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ከበዓል ዋዜማ ነው።

ሚያዝያ፦ ፀሐይን መግራት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትገኛለች። ሚያዝያ 5 ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ነሐሴ 23 ገደማ ተመልሳ እዚያው ትመጣለች። እንዲህ ባለ ሰዓት ቅንድብ ጥላውን ዓይን ላይ ይጥላል፤ ሰውየው ሁለት ጉድጓድ ያለው ፊት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የሰው ፊት ከሆነ የሚያነሱት ጥላ ይፈልጉ።

ጥላ የት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄድ መንገድ ላይ ጥላው የሚያርፈው በሰሜኑ ዳር ባሉት ሕንፃዎች ሥር ነው ማለት ነው። በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጣል። በሰኔ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሦስት ሜትር ገደማ ጥላ ይሰጣል፤ ይህም አንድ የእግረኛ መንገድ ነው። ሰውን ከዚያ ጥላ ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ያቁሙት፤ ፊቱን ወደ ብሩሁ አስፋልት ያዙር። አስፋልቱ ራሱ መብራት ይሆንልዎታል።

ከፀሐዩ የሚብሰው ፈተና ነጠላ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው አመድ፣ የእናቲቱ ፊት ከሰል ይሆናል። ለፊቱ ብለው ካበሩት ደግሞ ነጠላው ይቃጠልና የጥበቡ ክር ይጠፋል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በጥላ ወይም በደመና ቀን ከሆነ ብርሃኑን ሆን ብዬ አንድ ደረጃ ከፍ አደርጋለሁ፤ ፊት ይበራል፣ ነጠላውም አይጎዳም። በፀሐይ ከሆነ ግን ለነጠላው እለካለሁ፤ ክሩ እስኪታይ አጨልማለሁ፣ ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አስቀምጣለሁ፣ ፊቱን ቤት ስደርስ ቀስ አድርጌ አነሳለሁ። የጨለመ ፊት ይመለሳል፤ የተቃጠለ ነጠላ አይመለስም። ለማስዋብ ብለው የሰውን ቆዳ ማንጣት ግን አይልመድብዎት። የጠይም ፊት ውበቱ ጉንጭና ግንባር ላይ በሚያርፈው ለስላሳ ጸዳል ነው፤ ያንን የሚሰጠው የጎን ብርሃን እንጂ የኮምፒውተር ማስተካከያ አይደለም።

ለፋሲካ ሰሞን ሦስት ቀን ያቅዱ። ሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ጣታቸው ላይ ቀለበት፣ ግንባራቸው ላይ አክሊል አድርገው ከቅዳሴ የሚወጡትን ከበሩ ውጭ ሆነው ይጠብቁ። ስቅለት ዕለት ከሚሰግደው ሰው ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ከጎን፣ ዝቅ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። የትንሣኤ ሌሊት ፍላሽ ያጥፉ። የጧፍ ብርሃን ያንሳል የሚሉት ሞክረው ስለማያውቁ ነው፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 3200፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ፣ ክርኖችዎን ደረትዎ ላይ አስደግፈው ትንፋሽዎን ሲያስወጡ መጫን። ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ከመግባትዎ በፊት አስተባባሪዎቹን ይጠይቁ፤ ቦታዎን በወንዶች ወይም በሴቶች በኩል እንደ ሥርዓቱ ይያዙ።

ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልት ዘንድ ማልደው ይገኙ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበት፣ ጣልያን ከተማዋን ከያዘች ልክ አምስት ዓመት የሞላበት ቀን ነው። አባት አርበኞችን ሁሉም የሚያነሳቸው ጎፈርና ጋሻቸውን አይቶ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ይቆዩ፤ ጋሻቸውን በብብታቸው ይዘው ታክሲ ሲጠብቁ የሚነሳው ፎቶ ይበልጣል።

ግንቦት፦ ሰው ማናገር

ግንቦት 1 ልደታ ነው። ጎረቤት ከደጅ ይሰበሰባል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። ከቤት ውስጥ አይከበርም፤ ለዚህም ነው ለፎቶ አንሺ ከበዓል ሁሉ ቸሩ የሚሆነው። ካሜራ ይዘው ሲያልፉ ይጠሩዎታል። ያን ጊዜ ካሜራውን አስቀምጠው ንፍሮውን ይቅመሱ። ቡናው ሁለተኛው ዙር ሲደርስ «እማማ፣ ቤቱን እንዳለ አንድ ላንሳዎት?» ቢሉ እምቢ የሚልዎት አይኖርም። ከመጀመሪያው ካሜራ ቢደቅኑ ግን ሁሉም ነጠላውን ያስተካክልና እንደ መታወቂያ ፎቶ ይደረደራል።

በመንገድ ላይ አጠያየቅም ልምድ ነው። ሰላምታ ይቅደም፣ ምክንያት ይከተል፣ ጥያቄው መጨረሻ ይሁን፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይህ ብርሃን ጋዜጣዎ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ፤ ላንሳዎት?» ምክንያቱን የነገሩት ሰው አይጠራጠርም። እጁን ካወዛወዘ አመስግነው ይሂዱ፤ ነገ እዚያው ነው የምትገናኙት። ገንዘብ ለፎቶ አይክፈሉ፤ በቆሎውን፣ ሎሚውን፣ ሎተሪውን ይግዙ። ልጅ ከሆነ እናቱን ወይም አባቱን ሳይጠይቁ አያንሱ። የሚለምንን ሰው በሩቅ ሌንስ ሰርቆ ማንሳትን ግን ጨርሶ ይተዉት፤ እኔ ጥሩ የሆነ አንድም አላየሁም።

ሕጉንም ይወቁት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ የተደረጉ ወይም ሕዝብን የሚመለከቱ ክንውኖችና ሥነ ሥርዓቶችን፣ የታወቁ ሰዎችንና የመሳሰሉትን ከዚህ ግዴታ ውጭ ያደርጋል። የደመራ ሕዝብ መካከል የቆመች ሴት ፎቶና ያቺው ሴት በጉልቷ ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ፎቶ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም ማለት ነው። ሁለተኛውን ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ካሰቡ ፈቃዷን በጽሑፍ ይያዙ።

ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ቦታ፣ ኤምባሲ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍተሻ ኬላ አያንሱ፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ አያስነሱ። በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የተኛች ድመት ሳነሳ ጥበቃው ይዞኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ የድመቷን ፎቶ ለአለቆቹ ሳሳይ ውያለሁ። አልተቆጣሁም፤ እሱም ሥራው ነው። እንዲህ ሲገጥምዎት አይሩጡ፣ አይከራከሩ፣ ስክሪኑን ያሳዩ።

በእነዚህ ዓመታት አረፋ ግንቦት ላይ ወይም በዙሪያው ይውላል፤ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ስለሚቀድም ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ስታዲየም ውስጥ ካለው ሶላት ይልቅ ጎሕ ሲቀድ ወደዚያ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያንሱ፦ አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ጀለቢያ ለብሰው፣ ምንጣፍ በትከሻ።

ሰኔና ሐምሌ፦ ዝናብ

እውነተኛው ሥራ አሁን ተጀመረ።

የአዲስ አበባ የክረምት ቀን ብዙ ጊዜ ጠዋት ይከፍትና ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፤ ዘንቦ ካባራም ወደ 11 ሰዓት ግድም ነው። ይህ ለእርስዎ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው።

ከሁሉ የምወደው ከዝናቡ በፊት ያለውን ሩብ ሰዓት ነው። ነፋስ ይነሳል፣ አቧራ ይሽከረከራል፣ ጉልት ያሉ ሴቶች ሸራ ይወጥራሉ፣ ሊስትሮው ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ የታክሲ ሰልፍ ይፈርሳል። ሰው ሁሉ አንድ ነገር እያደረገ ነው፤ ማንም እርስዎን አያይም። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬቱ ገና ብሩህ ነው። ሻተሩን 1/500 ላይ አድርገው ቦታዎን ሳይለቁ ያንሱ።

ዝናቡ ሲወርድ በረንዳው ሥር ይቆዩ። ዝናብ በፎቶ ላይ የሚታየው ከበስተኋላው የጨለመ ነገር ሲኖርና ብርሃን በዝናቡ በኩል ወደ እርስዎ ሲመጣ ነው። የተከፈተ የሱቅ በር፣ ጥላ ያለበት ግንብ ወይም ባሕር ዛፍ ከኋላ ያድርጉ፤ የሚኒባስ መብራት ወደ እርስዎ ሲዞር ይጫኑ። ሻተሩን 1/60 ሲያደርጉት ዝናቡ ክር ይሆናል፣ 1/500 ሲያደርጉት ደግሞ ነጠብጣብ። ጃንጥላዎች ሲያልፉ ከላይ ማየት ያምራል፤ ከፎቅ ደረጃ ላይ ወይም ከመሸጋገሪያ ድልድይ ይሞክሩ።

ካባራ በኋላ ፀሐይ ከደመናው ሥር በአግድም ስትገባ ኮብልስቶኑ እንደ ተወለወለ ናስ ያበራል። ስልኩን ገልብጠው ሌንሱን ከኩሬው አጠገብ እስኪነካ ዝቅ ያድርጉት፤ አንድ ስንዝር ውኃ ሰማዩን ሁሉ ይይዛል። ኩሬው ጥልቀት ያለው መሆኑን ግን አስቀድመው በእንጨት ይለኩ። ክዳን የሌለው ቱቦ በክረምት ኩሬ ይመስላል። መብረቅ ሲበዛ ከዛፍና ከብረት ይራቁ።

ካሜራውን ለመጠበቅ ውድ ልብስ አያስፈልግም። አንድ ጠንካራ ፌስታል ይውሰዱ፤ ታችኛውን ጥግ በሌንሱ ልክ ቀድደው በላስቲክ ሌንሱ ላይ ያጥብቁት፣ እጅዎን በአፉ በኩል ያስገቡ። ሁለት ጨርቅ ይያዙ፤ አንዱ ለሌንስ፣ አንዱ ለእጅ። ከውጭ ወደ ሞቀ ካፌ ሲገቡ ካሜራውን ከመግባትዎ በፊት በፌስታል ቋጥረው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሳይከፍቱ ያቆዩት። እኔ ይህን ሳላውቅ በአንድ ሐምሌ እርጥብ ካሜራዬን ከማኪያቶ ማሽኑ አጠገብ አስቀምጬ ውስጡ ጉም ሠራ፤ ሌንሱ እስከ ዛሬ ድረስ ጥጉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አለው። ከረጠበ ባትሪና ሚሞሪውን ያውጡ፣ ደርቆ ሳያድር አይክፈቱት። በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አያከርሙት፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው አብረው ያኑሯቸው።

በቆሎ ጥብስ ያለ ክረምት ምንድን ነው? ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ጠቁሮ ፍሙ ሲቀላ፣ ከጠባሿ ፊት ለፊት ይቁሙ። ጭሱ እንዲታይ ከኋላው ጨለማ ይፈልጉ፤ ብርሃኑን በፍሙ ይለኩ፣ ማለትም ስክሪኑን ፍሙ ላይ ተጭነው ይቆልፉ። የሴትየዋ እጅና የፊቷ ግማሽ በቀይ ብርሃን ይወጣል፣ የቀረው በጨለማ ይቅር። ማራገቢያውን ስታወዛውዝ ብልጭታ ይነሳል፤ እስኪነሳ ይጠብቁ። በቆሎውንም ይብሉ፤ እስኪበሉ ድረስ ማንሳት ይቻላል።

ዝናቡ ጨርሶ የማያስወጣበት ቀን ደግሞ የቤት ሥራ አለው። በየፎቶው ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰፈር ይጻፉ። ስልክዎና ካሜራዎ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ስለሆነ «2018-11-09 ጉልት፣ ከዝናብ በፊት» ብለው በራስዎ አቆጣጠር ይሰይሙት፤ ሐምሌ 9ን በሐምሌ 9 መፈለግ ይቀላል። ቦታን «ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት» ብለው አይግለጹ፤ መድኃኒት ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። የመንገዱን መጋጠሚያ ወይም የስልኩን የቦታ መለያ ይያዙ። ኮፒው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ።

ከዚያ አምስት ፎቶ ይምረጡና ፎቶ ቤት ወስደው በአሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያሳትሙ። ለጥግዎ ሰዎች ይስጧቸው። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አይዩት፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ያለውን ሥራ ሁሉ የሚያሠራው ይህ ነው። የእኔ ጥግ በቆሎ ጠባሽ ለሦስት ሳምንት ፊቷን አዙራብኝ ነበር። የእጇን ፎቶ አሳትሜ ስሰጣት ግራ ቀኙን አየችና «እጄን ምን አደርገዋለሁ፣ ልጄን አንሳልኝ» አለችኝ። በማግስቱ ልጇን ቀሚስ አልብሳ አመጣች። ከዚያ ወዲያ እዚያ ጥግ ላይ የሚከለክለኝ የለም፤ እንዲያውም «ትናንት ጎርፍ ሲመጣ የት ነበርክ?» ብለው ይወቅሱኛል።

ነሐሴ፦ ምቱን መስማት

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ጨዋታው የሚደምቀው ግን በዋዜማው ማምሻ ነው። ብዙ ሰው ልጆቹን ከኋላ እየተከተለ ጀርባቸውን ያነሳል። እርስዎ ይቅደሟቸው። የሚገቡበትን ቤት ባለቤቶች አስፈቅደው ከግቢው ውስጥ፣ በሩን ፊት ለፊት እያዩ ይንበርከኩ፤ ዓይንዎ ከልጆቹ ዓይን እኩል ይሁን። የበሩ መብራት ፊታቸው ላይ ይወድቃል።

ሆያ ሆዬ መሪና ተቀባይ አለው። መሪው ሲያወርድ ዱላዎቹ አየር ላይ ናቸው፤ ተቀባዮቹ «ሆ!» ሲሉ መሬት ይመታሉ። ሁለት ዙር ሳያነሱ ያዳምጡ፤ በሦስተኛው ጣትዎ ራሱ ያውቀዋል። ድምፁን ሰምተው ከተጫኑ ዘግይተዋል፤ ከ«ሆ!» ቅንጣት ቀድመው ይጫኑ። ጅራፍም እንዲሁ ነው፣ ግን የሚጮኸው ጫፉ ስለሆነ ሩቅ ይቁሙ፤ ለዓይንዎ ብዬ ነው። ችቦው ሲለኮስ ደግሞ እሳቱን ትተው በእሳቱ የበሩትን ፊቶች ያንሱ። ሙልሙል ዳቦው ከመከፋፈሉ በፊት ያለው ጭቅጭቅ ከዘፈኑ ሁሉ የሚጣፍጥ ፎቶ ነው።

መስከረም፦ አበባና እሳት

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴት ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ አደይ በእጃቸው ነው። ቢጫ ተንኮለኛ ቀለም ነው፤ በፀሐይ ላይ ስልኩ ያጋንነውና አበባው ቅጠል የሌለው ቢጫ ነጥብ ይሆናል። ከጥላ ያንሱት ወይም ብርሃኑን ግማሽ ደረጃ ይቀንሱ። አበባና መላእክት ስለው የሚሰጡትንም ሕፃናት አይርሱ፤ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ይዘውት ያንሷቸው።

የወሩ መጨረሻ ላይ ኢሬቻ በሆራ ፊንፊኔ ይከበራል፤ እርጥብ ሣርና አበባ ወደ ውኃው ሲነከር እጆቹን በቅርብ ያንሱ።

ለደመራ፣ መስከረም 16፣ መስቀል አደባባይ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይድረሱ። በፍተሻ ማለፍ ስላለ ትልቅ ቦርሳ፣ መቆሚያ እግር፣ ክብሪትና ላይተር አይያዙ። ከመቀመጥዎ በፊት ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይዩ፤ ጭሱ ወደ እርስዎ ከሆነ ቦታ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ የሚያነሱት እንባዎን ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ብርሃን በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንና በካህናቱ ባለ ቀለም ጃንጥላዎች ላይ ያውሉ። ዝናብ ከጣለ ደስ ይበልዎ፤ የሐምሌው ፌስታል ኪስዎ ውስጥ ነው።

ደመራው ሲለኮስ ካሜራው በምሽቱ ጨለማ ይታለልና እሳቱን ነጭ ያደርገዋል። አይኤስኦ 1600፣ ሻተር 1/250 ላይ ይጀምሩ፤ በስልክ ከሆነ ነበልባሉ ላይ ተጭነው ይቆልፉና ቅርጹ እስኪታይ ያጨልሙ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ነበልባሉና ሰማዩ እኩል የሚወጡት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ዞር ይበሉ። በአደባባዩ ደረጃ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊቶች በአንድ እሳት በርተዋል፤ ሁሉም የሚያየው ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ነው።

ቤት ሲገቡ ሌንሱ ላይ ስስ የአመድ ብናኝ ያገኛሉ። በጨርቅ አይጥረጉት፣ ይቧጥጠዋል። ካሜራውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በመንፊያ እፍ ያድርጉት፤ ከዚያ ባትሪውን ቻርጅ ላይ ይሰኩ። በማግስቱ መስከረም 17 ጠዋት ጥግዎ ላይም የሰፈር ደመራ አመድ አለ፤ ሰዎች አመዱን በጣታቸው እየነኩ ግንባራቸው ላይ መስቀል ሲሠሩ ያገኟቸዋል።